አሥራ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ

አቶ ሳህሌ ሰዓታቸውን ሳያዩ ውሃ እንኳ አይጠጡም፤ ዙለይኻ በበኩሏ ሰዓት አስራ አታውቅም። እሳቸው በአቃቂ ከነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ሠላሳ አራት ዓመት ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆነው የሠሩ፣ አምስት ደቂቃ ያረፈደን ሠራተኛ ስም በቀይ ቀለም ሲመዘግቡ እጃቸው ያልተንቀጠቀጠ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ጫማቸውን ጠርገውና ከረባታቸውን አስረው፣ የሚሄዱበት ሳይኖራቸው በራቸው ላይ የሚቆሙ ሰው ናቸው። እሷ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ናት፤ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኤሌክትሮኒክስ የተመረቀች፣ ሥራ ከያዘች ምሳ የሚባል ነገር መኖሩን የምትረሳ፣ ቀጠሮ ሲጠይቋት «ከዙህር ሶላት በኋላ» ወይም «ፀሐዩ በረድ ሲል» ብላ የምትመልስ።

ሁለቱን ያገናኛቸው ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የአቶ ሳህሌ የፊት ክፍል ነው። ዙለይኻ ክፍሉን ተከራይታ የዲሽና የሪሲቨር ጥገና ስትከፍትበት፣ እሳቸው በውሉ ላይ ያልተጻፈ አንድ ትንሽ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አስገብተው ጥጉን ያዙ። ግቡ ያላቸው የለም፤ ውጡ ያላቸውም የለም። በሳምንቱ ለጥገና የሚመጣው ዕቃ ሁሉ የገባበትን ሰዓትና ደቂቃ በወረቀት ላይ እየጻፉ መለጠፍ ጀመሩ። በወሩ ደግሞ ደንበኞች «ጋሼ ሳህሌ፣ የእኔ መቼ ይደርሳል?» ብለው የሚጠይቁት እሳቸውን ሆነ፤ ዙለይኻም ከጭንቅላቷ ላይ አንድ ሸክም እንደወረደላት ተሰማት።

በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር ዕድል በሯን አንኳኳ። የቴሌቪዥን መቀበያ ሳጥን ከውጭ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት በገላን ኮንዶሚኒየም ላሉ ደንበኞቹ ወኪል አደረጋትና የካርድ መጻፊያ ማሽን በአደራ ሰጣት። ማሽኑ ከሳሙና ማስቀመጫ አይበልጥም። ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ይያያዛል፤ ካርዱ ይሰካበታል፤ በካርዱ ፊት ላይ ባለችው ወርቃማ ነቁጥ ውስጥ የሳጥኑ ቁጥር፣ የሚከፈቱት ጣቢያዎችና የአገልግሎቱ ዘመን ይጻፋሉ። ሳጥኑ ካርዱን አንብቦ ከወደደው ምስል ያመጣል፤ ካልወደደው የቴሌቪዥኑን መስኮት ያጠቁረዋል። በጥር ወር የጻፈቻቸው ሃያ ስድስት ካርዶች ሁሉ ተወደዱ።

አባቷ ሙሀመድዘይን ግን አልተደሰቱም። ከማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ለጠያቂዎች ሳሙና፣ ፔርሙስና የፕላስቲክ ሳህን ሲሸጡ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። በእነዚያ ዓመታት በዚያ በር የገባ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ አለመሆኑን፣ አንዳንዱ ስሙ አንድ ጊዜ በክፉ ስለተነሳ ብቻ እንደገባ ከጠያቂዎቹ አፍ ሰምተዋል። «ካርድ መጻፍ» ሲባል የሐሰት ማኅተም ከመቅረጽ ብዙ የራቀ አልመሰላቸውም። ስለዚህ ከልጃቸው ጋር ተስማሙ፦ እስከ የካቲት ሠላሳ እሑድ ምሳ ድረስ ማንም ሰው «ልጅህ አታለለችኝ» ብሎ ካልመጣባቸው ሥራው ይቀጥላል፤ ከመጣ ግን ሱቁ ተዘግቶ ዙለይኻ መርካቶ ወዳለው የአጎቷ ጨርቅ መደብር ትገባለች። ዙለይኻ እየሳቀች ተስማማች። ጨርቅ ቤት ከገባች ሩብ ሰዓት ሳትቆይ ማስነጠስ እንደምትጀምር ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።

የካቲት ሃያ ስድስት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሱቁ ገና ሳይከፈት ሰባት ሰዎች ሳጥናቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«እንደ ውሃው በፈረቃ ነው እንዴ የሰጠሽን?» አለ የመጀመሪያው፣ ካፖርቱን ከፒጃማ በላይ የደረበ ጎልማሳ። «ሩብ ሰዓት ይመጣል፣ ድርግም ይላል!»

«የእኛም እንደዚሁ!» አለች ከኋላው ያለችው። «ነቅለን ስንሰካው እንደገና ሩብ ሰዓት ይሰጠናል። ትናንት ማታ ባለቤቴ አንድ ፊልም ለመጨረስ ስድስት ጊዜ ከሶፋው ተነሳ። እኔን እንኳ በጋብቻችን ዘመን ስድስት ጊዜ ተነስቶልኝ አያውቅም።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ዙለይኻ ግን አልሳቀችም። ሰኞና ማክሰኞ አርባ አራት ካርዶች ጽፋ በአንድ ላይ ለነዋሪዎቹ አድላለች። እያንዳንዱንም ሁለት ሁለት ደቂቃ በሱቋ ቴሌቪዥን ላይ ፈትሻለች፤ ሁሉም ሠርተዋል። አሁን ሰባቱ ተመለሱ። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ሆኑ፤ አመሻሽ ላይ አርባ አራቱም ሳጥኖች ከወለሉ እስከ መስኮቱ ተደረደሩና አቶ ሳህሌ ወደ ጠረጴዛቸው ለመድረስ በጎናቸው መሄድ ግድ ሆነባቸው።

በዚያን ቀን የካርዶቹን ወርቃማ ነቁጥ በላጲስ አሸች፤ ከዚያም በአልኮል ጠረገች። አንዱን ካርድ ሰካችና ቆማ ጠበቀች። ምስሉ መጣ፤ የሕፃናት ጣቢያ ነበር፤ አንዲት ዳክዬ ብስክሌት ትነዳለች። ዳክዬዋ ዳገቱን ሳትጨርስ መስኮቱ ጠቆረ።

«ሙቀት ነው» አለች ዙለይኻ። «ሳጥኑ ሲግል ካርዱን መያዝ ያቅተዋል። ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፣ ሲበራ እንደገና ይሠራል። ሌላ ሊሆን አይችልም።»

ሐሙስ ዕለት ከጎረቤት ቬንትሌተር ተውሳ በሳጥኑ ላይ አዞረችበት። ጠቆረ። ኤሌክትሪኩ ከፍ ዝቅ ብሎ እንደሆነ ብላ ስቴብላይዘር አስገባችበት። ጠቆረ። ለባቡሩ መስመር ከሚቆፈረው መንገድ የሚነሳው አቧራ ዲሹን ሸፍኖት እንደሆነ ብላ ጣሪያ ላይ ወጥታ ጠረገችው፤ ስትወርድ ፀጉሯና ቅንድቧ ነጭ ሆኖ ነበር። ጠቆረ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብራት ሄደና ሦስት ሰዓት ሙሉ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከሥራው ይልቅ ይህ መቀመጥ አደከማት።

አባቷ የመጡት በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ሳጥኖቹን ተራ በተራ እንደ ሬሳ ሳጥን ተመለከቷቸው።

«ሰው መጥቶብኛል» አሉ። «ገበያተኛ ፊት። 'ልጅህ ያልሞላ ካርድ ሸጠችልኝ፣ ሌባ ናት' ብሎኛል። አጠገቡ የቆመ አንድ ጠባቂ ዞር ብሎ አየኝ። አየሽ ዙሌ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ጠባቂ ሲያየኝ ሰላም ሊለኝ ነበር የሚያየኝ።»

«አባ፣ ሌባ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። እኔ ማወቄ ምን ይጠቅማል?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስምምነታችን ስምምነት ነው። ለአጎትሽ እደውላለሁ።»

«የሚለየው እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ አልደረሰም።»

ሙሀመድዘይን ወደ አቶ ሳህሌ ዞሩ፤ ከዕድሜ እኩያቸው ፍርድ የሚጠብቁ ይመስል። አቶ ሳህሌ የኪስ ሰዓታቸውን አወጡና በመስኮቱ ብርሃን አዩት። «ለእሑድ ምሳ» አሉ በጥሞና፣ «ስልሳ አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቀራል። የሰው ልጅን ከሰዓቱ አስቀድሞ ማባረር እኔም በፋብሪካ አላደረግሁትም።»

ሙሀመድዘይን ሳይወዱ በግድ ከንፈራቸውን ለሳቅ ፈቀቅ አደረጉና ወጡ። መብራቱ ሲመጣ ስልኩም አብሮ ጮኸ። የድርጅቱ የወኪሎች ተቆጣጣሪ ወይዘሮ አስካለች ነበረች። ብዙ አልተናገረችም፤ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ራሷ እንደምትመጣ፣ ካርዶቹ እስከዚያ ካልሠሩ ማሽኑን ይዛ እንደምትመለስ ብቻ አስታወቀች።

ዙለይኻ ስልኩን አስቀምጣ ሌላ ሳጥን ሰካች፣ ቬንትሌተሩን ወደ እሱ አዞረች። 

«ልጄ» አሉ አቶ ሳህሌ ከጥጋቸው። «ይህን ቬንትሌተር መልሺው።»

«ለምን?»

ወረቀታቸውን አነሱ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብለው እንደ ልማዳቸው ሲጽፉ ነበር፤ ምን እንደሚጽፉ ግን አልጠየቀቻቸውም። «ትናንት ከሰዓት የመጀመሪያው ሳጥን የጠቆረው በአሥራ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ሁለተኛው በአሥራ አራት ደቂቃ ከሃያ። ዛሬ በቬንትሌተር፣ አሥራ አራት ከሃያ። በስቴብላይዘር፣ አሥራ አራት ከሃያ። ሙቀት እንዲህ ያለ ሠራተኛ አይደለም። ሙቀት አንዳንድ ቀን ያረፍዳል፣ አንዳንድ ቀን ይቀድማል። ይህ የሚዘጋው ነገር ሰዓት የሚያይ ነገር ነው።»

ዙለይኻ ወረቀቱን ተቀብላ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበች። ሁለት ቀን ሙሉ ያሳደደችው ነገር ሙቀት አልነበረም። ከዚያ በፊት ለዓመታት ሊገባት ያልቻለው የአቶ ሳህሌ ሰዓት ማየት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ መሣሪያ ታያት።

«በጥር የጻፍኳቸው እስከ ዛሬ ይሠራሉ» አለች ቀስ ብላ። «ከእነሱ አንዱን ባገኝና ከሞተው ጋር ጎን ለጎን ባነበው…»

አርብ ጠዋት በሚኒባስ ገላን ኮንዶሚኒየም ሄደች። በጥር ካርድ የወሰዱ ሦስት ቤቶችን አንኳኳች። በአንደኛው ሰው አልነበረም። ሁለተኛዋ ሴትዮ የጎረቤቶቿን ጩኸት ሰምታ ስለነበር በሩን ሳትከፍት «የእኔን ደግሞ ልታበላሺው?» ብላ መለሰቻት። ሦስተኛው በር አራተኛ ፎቅ ላይ የነበረው የአዴ ዳሲቱ ነው፤ እሳቸው ወገባቸው ታሞ ከአልጋ የማይነሳውን ባላቸውን ዱሬሳን የሚያስታምሙ ሴት ናቸው።

«ለአንድ ሰዓት ብቻ ያውሱኝ፣ አዴ» አለች ዙለይኻ። «አነበውና እመልሰዋለሁ። አልነካካውም።»

አዴ ዳሲቱ ወደ መኝታ ክፍሉ ተመለከቱ። «ዱሬሳ ወር ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ነው የኖረው። አሁን ዓሣ የሚያጠምዱ ፈረንጆች ያያል። ዓሣ በልቶ አያውቅም፤ ግን ያያል። ይህችን ካርድ ካጠፋሽብኝ ምን እለዋለሁ?»

የዙለይኻ ዓይን እንባ አቀረረ። አዴ ዳሲቱም ያንን አዩ።

«እሺ። ግን ብቻዋን አትሄድም፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።» ካርዷን ከሳጥኑ አወጡ፣ በመሐረብ ጠቀለሉ፣ ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። «ዱሬሳ!» ብለው ጮኹ፣ «ዓሣዎቹን ለአንድ ሰዓት አሳርፋቸው!»

በሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ከደረታቸው አላነሱም። ረዳቱ ልባቸውን የሚያማቸው መስሎት የፊቱን ወንበር አስለቀቀላቸው።

ሱቁ ሲደርሱ አቶ ሳህሌ ጾሙን ሳይፈቱ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አዴ ዳሲቱ ካርዷን እንደ ቁርባን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። ዙለይኻ ማሽኑ ውስጥ ሰካችው፤ በኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈው ሁሉ ተዘረዘረ። ከዚያ አንዱን የሞተ ካርድ አነበበችና ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገች። የሳጥን ቁጥር፣ ትክክል ነው። ጣቢያዎቹ አንድ ናቸው። የሚያበቃበት ቀን፣ በሞተው ካርድ ላይ 2007 ይላል፤ ከዛሬ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ትክክል ነው። በሚሠራው ካርድ ላይ ግን 2015 ይላል።

«ጉድ ነው!» አለች። «ስህተት አገኘሁ፤ ያገኘሁት ግን በሚሠራው ካርድ ላይ ነው። ለአዴ ዳሲቱ ዘጠኝ ዓመት ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ተመስገን!» አሉ አዴ ዳሲቱ። «እንዳታርሚው።»

አቶ ሳህሌ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ያ ስህተት የድሮ ነው» አሉ በእርጋታ፣ ለማጽናናት በሚል ድምፅ። «ኮምፒውተርሽ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ ፊት ሮጦ ነበር። ካርዱ የሚገባበት ፖስታ ላይ ቀኑ 2014 እያለ ሲወጣ ሰዎቹ 'ይህ ካርድ የሚሠራው ለልጆቻችን ነው?' እያሉ ሲቀልዱብሽ ሰማሁ። ሰኞ ጠዋት፣ የግድግዳውን ሰዓት ስሞላ፣ እግረ መንገዴን እሱንም አስተካከልኩልሽ። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም።»

 ዙለይኻ በኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር አየች። 28/06/2006። ሰዓቱም ከጠዋቱ አራት ተኩል ይላል። በዚህ ሳምንት ያንን ጥግ መቶ ጊዜ አይታዋለች፤ መቶ ጊዜም አልፋዋለች፤ ምክንያቱም እውነት ነበር። ዕለቱ የካቲት ሃያ ስምንት፣ ዘመኑ 2006 ነው። እሷም፣ አባቷም፣ ገላንም፣ ቃሊቲም የሚኖሩት በዚሁ ቀን ውስጥ ነው። በዚህ ቀን የማይኖረው ሳጥኑ ብቻ ነው። ማሽኑ በኮምፒውተሩ ቀን ላይ አንድ ዓመት ደምሮ የካርዱን ማብቂያ ይጽፋል። ሳጥኑ ሲበራ ቀኑን አያውቅም፤ የተሰጠውን ይዞ ይሠራል። አሥራ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሲሞላው ግን ከሳተላይቱ ይጠይቃል፤ ሳተላይቱም በፈረንጅ ዘመን 2014 ነው ይለዋል። ያኔ ሳጥኑ በ2007 የሚያበቃውን ካርድ መልሶ ያየውና ይህ ከሰባት ዓመት በፊት ያለቀ ነው ብሎ ይዘጋበታል።

ይህን ሁሉ ለአቶ ሳህሌ ስታስረዳቸው ቃላቱን እየመረጠች፣ እየቆመች ነበር። እሳቸው ግን ከመካከሉ ላይ ገብቷቸዋል። ወንበሩን በእጃቸው ፈለጉ፤ አዴ ዳሲቱ ስበው አስቀመጧቸው።

«እኔ ነኝ ያስዘጋሁብሽ» አሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎን። መጀመሪያ እውነት መሆኑን እንይ።»

ቀኑን መልሳ ወደ ፈረንጁ ዘመን አደረገችው። አንድ ካርድ እንደገና ጻፈች። ሳጥኑ ውስጥ ከተተችውና ቴሌቪዥኑን ከፈተች። አቶ ሳህሌ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው በጉልበታቸው ላይ አኖሩት።  ከውጭ የጭነት መኪናዎቹና የመንገድ ሠራተኞቹ ድምፅ ይሰማል። አምስት ደቂቃ አለፈ። ዙለይኻ በስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይ አላየችም፤ የምታየው የአቶ ሳህሌን አውራ ጣት ብቻ ነበር። አሥር ደቂቃ። አዴ ዳሲቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር አነበነቡ። አሥራ ሁለት። ዙለይኻ በልጅነቷ ያነጠሰችበት የአጎቷ መደብር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደሩት የጨርቅ ጥቅሎች፣ መስኮት የሌለው ጓዳ ታያት። አሥራ አራት።

«አሥር ሰከንድ» አሉ አቶ ሳህሌ። «አሥራ አምስት። ሃያ።»

ምስሉ አልጠፋም። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። ደቂቃው ሙሉ አለቀ፤ ሌላም ተጨመረ። በስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ኬክ ትሠራ ነበር፤ ሠርታም ጨረሰች።

አዴ ዳሲቱ ካርዳቸውን መሐረብ ውስጥ እየጠቀለሉ ተነሱ። «እንግዲህ ዱሬሳን ከዓሣዎቹ ጋር ላገናኝ» አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ አቶ ሳህሌ ዞሩ። «አንቱ፣ ያረሙት እውነቱን ነው። እውነቱ ግን የተሳሳተ ቦታ ገባ። እንዲህ ያለ ነገር በእኔም ቤት ደርሷል።»

አቶ ሳህሌ የኪስ ሰዓታቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልክ በአራት ሰዓት፣ ወይዘሮ አስካለች በሩ ላይ ቆመች። ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም፣ ማስታወሻ ደብተሯን ከእጇ የማትለይ ሴት ናት። አርባ አራቱም ካርዶች እንደገና ተጽፈው ይጠብቋት ነበር። ሦስቱን ራሷ መርጣ ሰካች፤ ሃያ ሃያ ደቂቃ ጠበቀች። ሠሩ። ብዕሯን አወጣች።

«ጥሩ። አሁን ሪፖርቱን ልጻፍ። ቀኑን ማን ነው የነካው?»

«ማሽኑን የተረከብኩት እኔ ነኝ» አለች ዙለይኻ በፍጥነት። «በእኔ ስም ይጻፍልኝ።»

«ማን ተረከበ አላልኩሽም። ማን ነካው?»

አቶ ሳህሌ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«ወይዘሮ አስካለች፣ ሳህሌ እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ደቂቃ ስቆርጥ ኖሬ የራሴን ስምንት ዓመት ልደብቅ? ይጻፉ። እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ አስካለች ብዕሯን አንጠልጥላ ለአፍታ አየቻቸው። ከዚያ ጻፈች።

«እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው» አለች። «ግን እኔም አለቃ አለብኝ። የድርጅቱ ማሽን ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ያለ ፈቃድ የነካው ሰው ሊቀመጥ አይችልም። ወይ እርስዎ ከክፍሉ ይወጣሉ፣ ወይ ማሽኑ ይወጣል። ዙለይኻ፣ ሰኞ ጠዋት መልስሽን ትነግሪኛለሽ።»

«ክፍሉ የእሳቸው ነው እኮ!»

«ሰኞ» አለች ወይዘሮ አስካለች፣ ደብተሯን እየዘጋች። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ለዙለይኻ የከበዳትም ይኸው ነው፤ የምትጣላው ሰው አጣች።

ከሰዓት በኋላ ካርዶቹንና ሳጥኖቹን በባጃጅ ጭነው ገላን ወሰዱ። ዙለይኻ አቶ ሳህሌ ከታች እንዲጠብቋት ለመነቻቸው፤ አልሰሟትም። ደረጃ በደረጃ ወጡ፤ በእያንዳንዱ በር ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው «የእሷ ጥፋት አይደለም፤ ቀኑን ያዛባሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» እያሉ ካርዱን በእጃቸው ሰጡ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዷ ውሃ ይጠጡ ብላ አስቀመጠቻቸው። ያ በፒጃማው ላይ ካፖርት የደረበው ጎልማሳ፣ ሙሀመድዘይን ፊት የጮኸው እሱ ኖሮ፣ አንገቱን አቀረቀረና «እኔም አፌን አልያዝኩም» አለ። አርባ አራት በር ነበር፤ አቶ ሳህሌ በእያንዳንዱ ፎቅ ላይ አረፉ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ዙለይኻ እጃቸውን ደግፋ ስታወጣቸው ክንዳቸው የላባ ያህል ቀለላት።

ወደ ቃሊቲ ሲመለሱ አቶ ሳህሌ ቀጥ ብለው ወደ ጥጋቸው ሄዱ። ጠረጴዛቸውን በሁለት እጃቸው አነሱና በረንዳው ላይ አወጡት፤ ወንበራቸውንም አስከተሉ፤ በአቧራው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዙለይኻ ልትዘጋ ስትል በማሽኑ አጠገብ የኪስ ሰዓታቸውን አገኘችው። ረስተውት ነው እንዳትል፣ አቶ ሳህሌ ነገር የሚረሱ ሰው አይደሉም።

እሑድ ምሳ ሰዓት የሙሀመድዘይን ቤተሰብ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጧል። እናቷ ላጢፋ ቆጮውን ቆራርሰው አቀረቡ፤ ማንም እጁን ሳይዘረጋ ሙሀመድዘይን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አሉ። «ካርዶቹ ሠርተዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ያ ሰውም ዛሬ ጠዋት ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ በዚያው ጠባቂ ፊት ይቅርታ ጠይቆኛል። ስለዚህ ሥራሽን ተይ አልልሽም። ግን ያቺ ሴትዮ እዚያ ክፍል ውስጥ አይሆንም ብላለች። አጎትሽ ጥግ ይለቅልሻል፤ ማሽኑን ይዘሽ መርካቶ ግቢ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተፈታ።»

«ጨርቅ ያስነጥሳታል» አሉ ላጢፋ ወደ ትሪው እያዩ።

«መስኮት ይከፈትላታል።»

«መስኮት የለውም።»

ዙለይኻ ከኪሷ የኪስ ሰዓቱን አውጥታ በትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ሌሊቱን ሁሉ በትራሷ ሥር ሲቆጥር ሰምታዋለች። 

«አባ፣ እማ፣ ወስኛለሁ። መርካቶ አልሄድም። ነገ ጠዋት ለወይዘሮ አስካለች የምላት እንዲህ ነው፦ ከእንግዲህ በእኔ ሱቅ አንድ ካርድ ሲጻፍ ሁለት ሰው ይፈርምበታል። የሳጥኑን ቁጥር እኔ፣ ቀኑን ጋሼ ሳህሌ። ያንን ስህተት ዳግም የማይሠራ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ የማውቀው እሳቸውን ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ መቶ ጊዜ አይቼ አላየሁትም። ከተስማማች መልካም። ካልተስማማች ማሽኗን ትውሰድ፤ በዚያው ቀን በሬን ከፍቼ ሪሲቨር እጠግናለሁ፤ ከማሽኑ በፊትም እሱን እየሠራሁ ኖሬአለሁ። አሁን ምሳችንን እንብላ፤ እንደጨረስን ሄጄ ያንን ጠረጴዛ በእጄ ወደ ውስጥ እመልሰዋለሁ።»